የግል ኮሌጅ ከመመዝገባችሁ በፊት፦ ምን፣ በምን ቅደም ተከተል ይጣራል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን የቴሌግራም ቻናሉም የታክሲ ተራው ግድግዳም በኮሌጅ ማስታወቂያ ይሞላል። ገበያው ሰፊ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የቀረው ተማሪ ከነወላጁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ወይስ ቴክኒክና ሙያ፣ የትኛው ኮሌጅ፣ በስንት ብር የሚለውን መወሰን ይጠበቅበታል።

ብዙ ቤተሰብ የሚጀምረው ከሕንፃው፣ ከቅርበቱና ከክፍያው ነው። እነዚህ መምጣት ያለባቸው መጨረሻ ላይ ነው። በቅድሚያ የሚጣራው ተማሪው ለመግባት ብቁ መሆኑ ነው። ቀጥሎ ኮሌጁ ያንን ትምህርት፣ እዚያው ቦታ ላይ ለማስተማር ፈቃድ ያለው መሆኑ። ከዚያ የዘርፉ ስምና የመውጫ ፈተና ውጤቱ፣ ከዚያ ገንዘቡ፣ ከዚያ ጉብኝቱ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዱ ከጎደለ የቀረው ሁሉ ቢያምር ዋጋ የለውም። ችግሩ ደግሞ ጉድለቱ በምዝገባ ቀን አይታይም፤ የሚታየው ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በኋላ፣ ለመውጫ ፈተና ስም ሲላክ ወይም ቀጣሪ መሥሪያ ቤት ዲግሪውን ለማጣራት ሲልክ ነው።

1. ተማሪው ለዲግሪ ብቁ ነው ወይ?

ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ለሚመጣ ተማሪ የዲግሪ በር የሚከፈተው በሁለት መንገድ ነው፦ በብሔራዊ ፈተናው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ በማምጣት፣ ወይም ትምህርት ሚኒስቴር ለዚያ ዓመት ያወጣውን የሪሜዲያል መግቢያ ነጥብ አሟልቶ፣ ሪሜዲያሉን ተምሮና የማጠቃለያ ፈተናውን አልፎ። የሪሜዲያል መግቢያ ነጥብ በየዓመቱ ይወጣል፤ ለተፈጥሮ ሳይንስና ለማኅበራዊ ሳይንስ፣ ለወንድና ለሴት ይለያያል። ስለዚህ የአምናውን ነጥብ ይዛችሁ አትወስኑ። ከ2014 ዓ.ም. በፊት የተፈተነ ሰው የሚዳኘውም በዛሬው ሳይሆን በተፈተነበት ዓመት መቁረጫ ነጥብ ነው።

እዚህ ላይ የሚሠራው ማታለያ አንድ ዓይነት ነው። መዝጋቢው ወይም ኮሚሽን የሚበላው ደላላ «ዲግሪውን ጀምሪ፣ ሪሜዲያሉን ጎን ለጎን ትጨርሻለሽ» ይላል። ሌላው «በአምናው ምዝገባ እናስገባሃለን» ብሎ ወደ ኋላ ቀን ይጽፋል። ሁለቱም ተማሪውን አራት ዓመት አስከፍለው መጨረሻ ላይ ያለ ማስረጃ የሚያስቀሩ ናቸው። የመግቢያ ነጥቡን ያላሟላ ተማሪ በክፍል ውስጥ ሁሉንም ኤ ቢያመጣ እንኳ መግቢያው አይስተካከልለትም።

ሪሜዲያሉን በግል ተቋም ለመውሰድ ካሰባችሁ ተቋሙ ሪሜዲያል እንዲሰጥ የተፈቀደለት መሆኑን፣ ተማሪው የሚፈተነውም በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚመጣውን ፈተና መሆኑን ጠይቁ። ኮሌጁ ራሱ አውጥቶ ራሱ የሚያርመው ፈተና ብቻ ከሆነ በዚያ ውጤት ዲግሪ መግባት አይቻልም።

በዚሁ ደረጃ ላይ ስም ይስተካከል። የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ የ9–12 ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ፋይዳ መታወቂያ፦ አራቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና የተማሪውን፣ የአባትንና የአያትን ስም የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ፊደል በፊደል አስተያዩ። አንዱ ላይ አንድ ፊደል ከተረፈ ወይም ከጎደለ አሁኑኑ ወደ ሰጠው አካል ሄዳችሁ አስተካክሉ። በምረቃ ዓመት የሚደረግ የስም እርማት ፍርድ ቤት ድረስ ሊያስኬድ ይችላል።

2. የዕውቅና ፈቃዱን ራሳችሁ አንብቡ

ለዲግሪ የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው በፌዴራል ደረጃ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ቀድሞ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል የነበረው ነው። ለቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ደግሞ የክልሉ ወይም የከተማ አስተዳደሩ ፈቃድ ሰጪ አካል አለ። «በትምህርት ሚኒስቴር የታወቀ» የሚል በራሪ ወረቀት ምንም አይነግራችሁም። «ዕውቅና አለን» የሚለውም እንደዚያው ነው፤ ለአካውንቲንግ ዕውቅና ያለው ኮሌጅ ለነርሲንግ ላይኖረው ይችላል።

ሬጅስትራር ቢሮ ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለ ወረቀት ታያላችሁ። ከሩቅ አይታችሁ አትመለሱ። ቀረብ በሉ፣ ፎቶ አንሱና አምስት ነገር ፈልጉበት፦

– የትምህርት ዘርፉ ሙሉ ስም። ልጃችሁ የሚመዘገብበት ቃል በቃል እዚያ ላይ መኖር አለበት።
– የትምህርት ደረጃው፦ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ማስተርስ ወይስ ደረጃ 4።
– የማስተማሪያ ዘዴው፦ መደበኛ፣ የማታ ወይም የርቀት። ለመደበኛ የተሰጠ ፈቃድ ለርቀት አይሠራም።
– ካምፓሱ። ፈቃድ የሚሰጠው ለካምፓስ ጭምር ነው። ቦሌ ላለው ካምፓስ የተሰጠ ወረቀት መገናኛ ወይም ሐዋሳ ላለው ቅርንጫፍ መሸፈኛ አይሆንም። የተሰቀለው ፍሬም የሌላ ካምፓስ ፈቃድ ኮፒ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።
– የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን። የሚያበቃው በልጃችሁ የትምህርት ዘመን መሃል ከሆነ የዕድሳቱን ሁኔታ በጽሑፍ ጠይቁ።

ይህን ስታነሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «እናቴ፣ አያስቡ፣ ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው» የሚል ነው። በሂደት ላይ ያለ ፈቃድ ያልተሰጠ ፈቃድ ነው። ሊከለከልም ይችላል። ትሕትናው ሳያሸንፋችሁ «እንግዲያው ሲወጣ እንመለሳለን» ብላችሁ ውጡ።

ፎቶውን ይዛችሁ ሁለተኛውን ማጣሪያ ከራሱ ከባለሥልጣኑ አድርጉ። ባለሥልጣኑ ዕውቅና ያላቸውን ተቋማትና ዘርፎች ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል፤ ዝርዝሩ ካልጠራላችሁ በአካል ሄዶ መጠየቅም ይቻላል። ባለሥልጣኑ የግል ተቋማትን ዳግም ምዝገባ ስላካሄደ የቆየ ዝርዝር ላይ ስሙ መገኘቱ አይበቃም። አዲሱን ዝርዝር ፈልጉ። ጎረቤት የተመረቀበት ኮሌጅ ነው ብሎ መተማመንም አይሠራም፤ እሱ ሲማር የነበረው ፈቃድ ዛሬ ላይኖር ይችላል።

ስለ ካምፓስ አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ ኮሌጆች የሚያስተምሩት በኪራይ ሕንፃ ነው። አከራዩ ኪራይ ሲጨምር ወይም ውሉ ሲያልቅ ኮሌጁ ዕቃውን ጭኖ ሌላ ሰፈር ይገባል፤ ፈቃዱ ግን አብሮት አይጫንም። ስለዚህ «ሕንፃው የራሳችሁ ነው ወይስ ኪራይ? ውሉ ስንት ዓመት ቀረው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የልጃችሁን አራት ዓመት የማይሸፍን ውል ካለ ለመዛወር ምን እንዳሰቡ አስረዱን በሉ።

3. የዘርፉ ስም

ይህ አጭር ነው፤ ግን ይረሳል። ለማስታወቂያ ማራኪ እንዲሆን የረዘመ ስም ያለው ዲግሪ አለ። ከመወሰናችሁ በፊት አሥር ያህል የሥራ ማስታወቂያ ሰብስቡ፣ ከጋዜጣም ከቴሌግራምም፣ ግማሹ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሁን። «በአካውንቲንግ ወይም በአካውንቲንግና ፋይናንስ የተመረቀ» ሲል የእናንተ ዘርፍ ስም አለበት? የሰው ኃይል ባለሙያ የሚያወዳድረው በማስታወቂያው ላይ በተጻፈው የዘርፍ ስም ነው፤ «ተመሳሳይ ነው» የሚለው ክርክር የሥራ ምዝገባ መስኮት ላይ አያስኬድም። ከአሥሩ በሁለቱ እንኳ ስሙ ካልተገኘ ሌላ ዘርፍ እዩ።

4. የመውጫ ፈተናውን ቁጥር በቁጥር ጠይቁ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ የመንግሥትም የግልም፣ ኮርሶቹን ጨርሶ የመውጫ ፈተና ካላለፈ ዲግሪ አያገኝም። ማለፊያው ከ100 50 ነው። ያላለፈ በድጋሚ መፈተን ይችላል። ለቤተሰብ ይህ ፈተና ትልቅ ስጦታ ነው፤ ኮሌጆችን በአንድ ሚዛን ለማስተያየት ያስችላል።

ኮሌጆቹም ይህን ስለሚያውቁ ባነሩ ላይ «100% አሳልፈናል» ይጽፋሉ። የመቶኛው ቁጥር ብቻውን አታላይ ነው። ሦስት ተማሪ አስፈትኖ ሦስቱን ያሳለፈም መቶ በመቶ ነው። ደካማ ናቸው ያላቸውን «በሚቀጥለው ዙር ትፈተናላችሁ» ብሎ ያስቀረ ኮሌጅም መቶኛው ይነሳለታል። ስለዚህ የምትጠይቁት አራት ቁጥር ነው፣ ለልጃችሁ ዘርፍ ብቻ፣ ላለፉት ሁለት ዙሮች፦

አንደኛ ዓመት ስንት ተማሪ ገባ? ለፈተና የደረሰው ስንት ነው? በመጀመሪያ ሙከራ ስንቱ አለፈ? በድጋሚ ተፈትኖ ያለፈው ስንት ነው?

60 ተማሪ ገብቶ 20 ከተፈተነና 16 ካለፈ ባነሩ «80%» ይላል፤ ከገቡት አንፃር ግን ያለፈው ከአራት አንዱ ገደማ ነው። የቀሩት 40 የት ሄዱ? ክፍያ አቅቷቸው ወጡ፣ ተዛወሩ፣ ወይስ ኮርስ ወድቀው ቀሩ? መልሱን የሚያውቀው የትምህርት ክፍል ኃላፊው እንጂ ምዝገባ ክፍል ያለችው ልጅ አይደለችም፤ ኃላፊውን ለማግኘት ቀጠሮ ያዙ። ቁጥሩን ለመናገር የሚያመነታ ኮሌጅ በራሱ መልስ ሰጥቷችኋል።

የጤና ትምህርት ለመማር ያሰበ ተማሪ ከመውጫ ፈተናው ሌላ በጤና ሚኒስቴር በኩል የሚሰጥ የሙያ ፈቃድ ምዘና ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለጤና አንድ ጥያቄ ይጨመራል፦ የተግባር ልምምዱ በየትኛው ሆስፒታል ነው? ኮሌጁ ከሆስፒታሉ ጋር የተፈራረመውን ስምምነት ማየት ይቻላል? በአንድ ዋርድ በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ ይመደባል? አሥራ አምስት ተማሪ አንድ አልጋ ዙሪያ ቆሞ መርፌ አወጋግ አይማርም።

5. ገንዘቡን እስከ ምረቃ ድረስ አስሉ

ኮሌጆች የሚነግሯችሁ የወር ወይም የአንድ ክሬዲት ሰዓት ዋጋ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ግን እስከ ምረቃ ድረስ ያለው ድምር ነው። የኮርስ ብሬክዳውኑን (የኮርሶቹን ዝርዝር ከነክሬዲታቸው) ተቀበሉና ጠቅላላ ክሬዲቱን ከታች አንብቡ። አብዛኞቹ የዲግሪ ዘርፎች 4 ዓመት፣ ምህንድስና 5 ዓመት ይፈጃሉ፤ ከዚህ ባጠረ ጊዜ እንጨርሳለን የሚል ካለ በበጋና በክረምት ስንት ክሬዲት እንደሚያሸክም በወረቀት ያሳያችሁ።

ለምሳሌ ዘርፉ 145 ክሬዲት ቢሆንና የአንዱ ዋጋ 600 ብር ቢሆን 87,000 ብር ይመጣል። በየሴሚስተሩ 500 ብር መመዝገቢያ ካለ 8 ሴሚስተር 4,000 ይጨምራል፤ 91,000። ይህ ግን ዋጋው አራት ዓመት ካልተነቃነቀ ነው። በየዓመቱ 15 ከመቶ ቢጨመርና ክሬዲቱ በአራቱም ዓመት እኩል ቢከፋፈል 87,000 የነበረው ወደ 108,600 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ከዛሬው ዋጋ ይልቅ «ነባር ተማሪ ላይ ትጨምራላችሁ ወይ? ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ጨመራችሁ?» የሚለው ይበልጣል። አንዳንድ ኮሌጅ የገባህበት ዋጋ እስክትመረቅ አይነካም ይላል። ቃሉን በማኅተም ካልሰጠ አልሰጠም በሉ።

ከክሬዲቱ ውጪ የሚመጡት ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ የላብራቶሪ፣ የዩኒፎርምና የተግባር ልምምድ፣ የወደቁበትን ኮርስ ደግሞ መውሰድ፣ የመውጫ ፈተና ማጠናከሪያ፣ የምርምር ጽሑፍ አማካሪ፣ ጋዋን፣ የምረቃ ዝግጅት፣ ቴምፖ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) እና ትራንስክሪፕት። እያንዳንዱን እየጠራችሁ «ይከፈላል? ስንት?» በሉ። ትራንስፖርትና ምሳም አለ፤ በወር 22 ቀን ደርሶ መልስ ሁለት ታክሲ የሚያስቀይር ኮሌጅ በክሬዲት ርካሽ ሆኖ በታክሲ ውድ ሊሆን ይችላል።

ክፍያ ለኮሌጁ የባንክ ሒሳብ ብቻ ይሁን። በግለሰብ ስም ባለ ሒሳብ ወይም በደላላ ቴሌብር የገባ ብር ለኮሌጁ ስለመድረሱ ማስረጃ የላችሁም። ክፍያ ተመላሽ የሚሆንበትን ሁኔታም ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ አንብቡ።

እግረ መንገዳችሁን አንድ ማነጻጸሪያ ያዙ። ተማሪው 50 ከመቶ አምጥቶ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ ካለው፣ ወጪ መጋራት ፈርሞ ይማራል፤ ክፍያውን የሚጀምረው ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ነው። ምደባው ሩቅ ስለሆነ ብቻ ወደ ግል ከመዞራችሁ በፊት የሩቁን ዓመታዊ ትራንስፖርትና የኪስ ገንዘብ ከላይ ካለው ድምር ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ብዙ ቤተሰብን ያስገርማል።

6. ጉብኝት፦ በሥራ ቀን፣ ሳይጠሯችሁ

የምዝገባ ሰሞን ቅዳሜ አትሂዱ፤ ያን ቀን ሁሉም ነገር ተጠርጎ ነው የሚጠብቃችሁ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ድረሱ። በዚያ ሰዓት ክፍሎቹ ሰው ሊኖርባቸው ይገባል።

ኮምፒውተር ላብ ግቡና ኮምፒውተር ሲከፈት አይታችሁ ውጡ። 40 ማሽን ተደርድሮ 11ዱ ብቻ የሚነሳበት ላብ የ40 ሰው ላብ አይደለም። የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ ስለሆነ ማውስ ይዞ ያልሠራ ተማሪ ትምህርቱን እያወቀ ጊዜ ያልቅበታል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ? የጤና ላብ ከሆነ ሞዴሎቹን ነካ አድርጉ፦ አቧራ የጠጣ ፕላስቲክ እጅ ለፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ የተገዛ እንጂ ለተማሪ የወጣ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ የዘርፉን መደርደሪያ ፈልጉ፤ መጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለው የውሰት ወረቀት ባዶ ከሆነ መጽሐፉ አይነበብም። መጸዳጃ ቤትም እዩ፣ ውኃ መኖሩን ጭምር፤ በተለይ ለሴት ልጆች ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም።

የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ስታገኙ ቋሚ መምህራን ስንት እንደሆኑና በትርፍ ሰዓት የሚመጡት ስንት እንደሆኑ ጠይቁ። የትርፍ ሰዓት መምህር መጥፎ አይደለም፤ አንዳንዴ ባንክ ወይም ሆስፒታል የሚሠራ ጎበዝ ባለሙያ ነው። ነገር ግን ዘርፉን የሚሸከም ቋሚ ሰው ከሌለ ሴሚስተሩ ተጋምሶ መምህር ሲጠፋ ስድስት ሳምንት የሚፈጀው ኮርስ በሁለት ቅዳሜ ያልቃል።

ከሁሉም የሚሻለው መረጃ ግን ከግቢው ውጪ ነው። በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ የዘርፉን ሃንድአውት ጠይቁ። ዘንድሮም የሚሸጠው ከዓመታት በፊት የተተየበው፣ ሽፋኑ ላይ የሌላ ኮሌጅ ስም ያለበት ከሆነ፣ ክፍል ውስጥ ያለውም እሱ ነው። ከጎኑ ባለው ሻይ ቤት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አግኝታችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «ባለፈው ሴሚስተር ስንት ኮርስ መምህር ሳይመጣ ዘገየ?» «ግሬድ ሪፖርት ከፈተና በኋላ በስንት ጊዜ ይሰጣችኋል?» ወላጅ አጠገብ ሲቆም ተማሪ አይናገርም፤ ይህን ልጁ ወይም ልጅቷ ብቻዋን ትሥራው።

7. ቴክኒክና ሙያ ለመረጠ

ብዙ ወላጅ እዚህ የሚመጣው ዲግሪ ሲያጣ ነው፤ በእኛ ግምት ይህ ስሕተት ነው። ጥሩ ወርክሾፕ ያለው የደረጃ ሥልጠና ከደካማ ዲግሪ ቶሎ ሥራ ያስይዛል። ማጣሪያው ግን ይለያል። ሥልጠናው በአብዛኛው ተግባር መሆን አለበት፤ የተለመደው መለኪያ 70 ከመቶ ተግባር፣ 30 ከመቶ ንድፈ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ብሬክዳውን ከማየት ይልቅ ወርክሾፑን ቁጠሩ፦ አንድ የብየዳ ማሽን ለስንት ሠልጣኝ? የትብብር ሥልጠናው በየትኛው ድርጅት፣ ለስንት ወር? ሠልጣኙ ከጨረሰ በኋላ የሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ስለሚፈተን ከዘርፉ ስንቱ እንዳለፈ እንደ መውጫ ፈተናው ጠይቁ። ከደረጃ ወደ ዲግሪ ለመሸጋገር ካሰባችሁ የመሸጋገሪያውን ደንብ ከኮሌጁ አፍ ሳይሆን ከባለሥልጣኑ ስሙ።

8. የምዝገባ ቀንና የመጀመሪያው ወር

ለምዝገባ ዋናውንና ሁለት ኮፒ ያዙ፦ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ የ9–12 ትራንስክሪፕት፣ ሪሜዲያል የወሰደ ከሆነ የማለፊያ ውጤቱን፣ ፋይዳ፣ አራት ጉርድ ፎቶ። ዋናው ሰነድ ተመሳክሮ ይመለስ፤ ኮሌጁ እንዲያስቀረው አትፍቀዱ። ኋላ ለመዛወር ስትፈልጉ የቀሪ ክፍያ ማስያዣ ሊሆን ይችላል።

ምዝገባው እንዳለቀ አንድ ክላሰር ግዙና በየሴሚስተሩ ሦስት ወረቀት ግቡበት፦ የክፍያ ደረሰኝ፣ የምዝገባ ስሊፕ፣ ማኅተም ያለበት ግሬድ ሪፖርት። ኮሌጅ ሲዘጋ ወይም ሬጅስትራር ሲቀየር ፋይል ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ተማሪነታችሁን የሚመሰክረው ይህ ክላሰር ነው። በመጀመሪያው ወር ውስጥ ሬጅስትራር ሂዱና ተማሪው በየትኛው ዘርፍ፣ በየትኛው የማስተማሪያ ዘዴና በየትኛው ካምፓስ እንደተመዘገበ ስክሪኑ ላይ አሳዩን በሉ። መደበኛ ከፍሎ የርቀት ተብሎ የተመዘገበ ተማሪ ይህን ካወቀ በመጀመሪያው ወር ማስተካከል ይችላል።

ተማሪው በመሃል ማቋረጥ ካለበት ዝም ብሎ አይቅር። የማቋረጫ ቅጹን (ዊዝድሮዋል) ሞልቶ፣ አስፈርሞ፣ ኮፒውን ይያዝ። ሳይሞላ የቀረ ተማሪ ያልተፈተነባቸው ኮርሶች በኤፍ ሊመዘገቡበት ይችላሉ፤ ሲመለስም ሆነ ሌላ ኮሌጅ ሲሄድ ያ ኤፍ ትራንስክሪፕቱ ላይ ይከተለዋል።